ከኦቾሎው መጽሐፍ የቆረጥኳቸው ሁለት ገጾች

ሱስ ሲባል ሰው ሁሉ ጫትና አረቄ ይመስለዋል። የእኔ ሱስ አሮጌ መጽሐፍ ነው፤ ያውም በቅጡ የማላነበው። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ውስጥ ታፔላ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። የመድኃኒት ቤት፣ የፀጉር ቤት፣ የዳቦ ቤት ስም በቀለም እጽፋለሁ፤ ከተማው «ምናሴ ታፔላው» ይለኛል። እንግሊዝኛዬ መዝገበ ቃላት አጠገቤ ከሌለ ሁለት መስመር አይራመድም። ግን በንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የታተመ ባለሥዕል መጽሐፍ አለ ከተባልኩ ሩቅ ካምባም ቢሆን እሄዳለሁ።

ነገሩ የጀመረኝ ተማሪ ሳለሁ ነው። የትምህርት ቤታችን ቤተ መጻሕፍት ሲጸዳ ሊቃጠል ከተቆለለ ወረቀት ውስጥ አንድ ሽፋን የሌለው መጽሐፍ መዝዤ አወጣሁ። ውስጡ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነበር፤ እያንዳንዱ ጥላ በሺህ በሚቆጠር ቀጫጭን መስመር የተሠራ። ኋላ ላይ እንደገባኝ በዚያ ዘመን ሠዓሊው ሥዕሉን ይስላል፤ ቀራጩ ደግሞ ያንን ሥዕል ጠንካራ እንጨት ላይ እንደ መርፌ በቀጠነ ብረት ይቀርጸዋል፤ ከዚያ ቀለም ተቀብቶ ወረቀት ላይ ይጫናል። ሥዕሉ ትልቅ ከሆነ እንጨቱን ከፋፍለው ለብዙ ቀራጮች ያድሉታል፤ ሁሉም ድርሻውን ሲጨርስ በብሎን ያጋጥሙታል። አጉሊ መነጽር ይዞ ላየው ሰው መጋጠሚያው ነጭ ፀጉር መስሎ ይታያል። እኔ ያንን ነጭ ፀጉር ሳገኝ ልጅ እንደተወለደለት ሰው ነው ደስ የሚለኝ። ሚስት ያላገባሁት ለዚህ ነው የሚሉ ጎረቤቶች አሉኝ፤ አልከራከራቸውም።

በዚህ ሥራዬ አንድ ደንብ ነበረኝ። ይዞ የመጣውን ሰው «ከየት አመጣኸው?» ብዬ አልጠይቅም። ጥያቄ ያስወድዳል። በዚያ ላይ መልሱን ካወቅኩ በኋላ መግዛት ላይቻለኝ ይችላል። ይህንን ደንቤን ብልጠት ነበር የምለው።

ባለፈው ዓመት አንድ ረጅም ቀጭን ሰውዬ ሱቄ መጣ። ብብቱ ስር በቡሉኮ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ይዟል። ሲገልጠው እጄ ላይ የነበረው ብሩሽ ወደቀ። ቀይ ቆዳ፣ የገጾቹ ጠርዝ በወርቅ ቀለም የተቀባ፣ እያንዳንዱ ሥዕል ፊት ለፊት ቀጭን መከለያ ወረቀት ያለው። መጽሐፉ ደግሞ ስለ ሥዕሉ ጥበብ ራሱ የሚተርክ ነበር፤ ሠዓሊዎቹ እንዴት እንደሚስሉ፣ ቀራጮቹ እንዴት እንደሚቀርጹ፣ ከእነ ሥራዎቻቸው። ሃያ ዓመት ሙሉ ስፈልገው የኖርኩት እንዲህ ያለ መጽሐፍ ነው።

«የአባቴ ነው» አለኝ ሰውዬው። «ሞቶ ነው። የውርስ ነው።»

«ነፍስ ይማር» አልኩት፤ ገዛሁትም።

ከአንድ ወር በኋላ፣ ላይኛው ሰፈር ሴቻ ያለ አንድ ሆቴል ሥራ አስኪያጅ ለእንግዳ መቀበያው የሚሆን «ጥንታዊ ነገር» አምጣልኝ አለኝ። ሁለት ገጽ ብትጎድል ማን ያውቃል አልኩና በምላጭ ሁለት ሥዕል ቆርጬ፣ በመስታወት አስገብቼ ሸጥኩለት።

ወደ ገጠመኙ ልግባ። ዕለቱ አርብ ነበር፣ ጠዋት። ከሱቄ ጎን ሻይና ቦንቦሊኖ የምትሸጠው አስቴር ሻይ አመጣችልኝ። ብቀምሰው ስኳር የለውም።

«አስቴር፣ ምነው ዛሬ ጠላሽኝ?»

«ተወኝ ጋሼ፣ ሐሳብ ላይ ነኝ» አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ነገ እህቴን ከቤቷ ሊያስወጧት ነው። ኦቾሎ መንደር ያለችውን፣ ማርታን።»

«ምን አጠፋች?»

«መጽሐፍ ጠፋ።»

ሻዩን አስቀመጥኩት። «ምን ዓይነት መጽሐፍ?»

«የነጭ መጽሐፍ ነው። የባሏ አባት ጋሽ አንጁሎ በወጣትነታቸው የጤና ጣቢያው ዘበኛ ነበሩ። እዚያ ትሠራ የነበረች ፈረንጅ ነርስ በአብዮቱ ጊዜ በድንገት ስትሄድ፣ እስክመለስ ጠብቁልኝ ብላ ሰጠቻቸው። አልተመለሰችም። እሳቸው ግን እስከ ዛሬ በሳጥን ቆልፈው ይጠብቃሉ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሳጥኑ ሲከፈት የለም። እዚያ ክፍል የምትገባው ደግሞ ልታጸዳ እሷ ብቻ ናት።»

«መልኩ ምን ይመስላል?»

«እኔ አላየሁትም። ቀይ ነው ይላሉ። ጠርዙ ወርቅ ነው።»

ዞር ብዬ የሱቄን ግድግዳ አየሁ። መጽሐፉ ከእሷ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ የቀለም ጣሳ ባስቀመጥኩበት መደርደሪያ ላይ ነበር።

አስቴር ቀጠለች። ሽማግሌዎቹ ማርታን ሁለት ጊዜ ጠርተዋታል። እርጥብ ሣር ይዛ፣ አልወሰድኩም፣ የማውቀውንም አልደብቅም ብላ እንድትምል ጠየቋት። እምቢ አለች። «ጴንጤ ስለሆነች ነው የማትምለው ይላሉ ደጋጎቹ። ሌሎቹ ሌባ ስለሆነች ነው ይላሉ። ነገ ሦስተኛው ነው። ነገም እምቢ ካለች ልጆቹ እዚያው ይቀራሉ፣ እሷ ትወጣለች።»

«ለአንድ መጽሐፍ?»

«መጽሐፍ አይደለም ጋሼ፣ አደራ ነው። አደራ የተበላበት ቤት ላይ ጎሜ ይወርዳል። መዓት ማለት ነው። እህሉ ይቀጭጫል፣ ከብቱ ይሞታል። መንደሩ ሁሉ ፈርቷል።»

ሻዩን ሳልጨርስ ወደ ውስጥ ገባሁና በሩን ዘጋሁ። መጽሐፉን አውርጄ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። ዝም አይነቅዝም ይላል የአገሬ ሰው። ዝም ብል ማን ያውቃል? ማርታን አላውቃት፤ ኦቾሎንም ከታች ከአስፋልቱ ቀና ብዬ ካላየሁት በስተቀር ረግጬው አላውቅም። እንዲህ ዓይነት መጽሐፍ ደግሞ እስክሞት ዳግመኛ አላገኝም። ይህን ሁሉ አስቤያለሁ፤ አልዋሻችሁም። አንድ ሰዓት ሙሉ አስቤዋለሁ። ያልተወኝ ግን «ልጆቹ እዚያው ይቀራሉ» ያለችው ነገር ነው።

ወጣሁና አስቴርን ጠራኋት። መጽሐፉን በሁለት እጄ ይዤ አሳየኋት።

ትጮሃለች ብዬ ነበር። አልጮኸችም። መጽሐፉን አየች፣ እኔን አየች፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንተ ነህ?»

«ገዛሁት። የሸጠልኝን ሰው ስሙን አልጠየቅኩም። ፊቱን ባየው ግን አውቀዋለሁ። እንኪ፣ ውሰጂላቸው። መንገድ ላይ ወድቆ ተገኘ በያቸው።»

«ጋሼ፣ አእምሮህ ደህና ነው? እኔ ይዤው ብሄድ ምን እንደሚሉ ታውቃለህ? እህቷ ጋ ደብቃው ነበር ይላሉ። ይኼኔ ነው የምትጠፋው።» እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ራስህ ትሄዳለህ። ራስህ ትናገራለህ። ነገ ሦስት ሰዓት ላይ ይቀመጣሉ። እኔ ዛሬ ወጥቼ ከእሷ ጋ አድራለሁ።»

ከመሄዷ በፊት ዞር ብላ፣ «ካልመጣህ እኔ የአንተን ስም ልናገር እችል ነበር። ግን አንድም ሰው አያምነኝም» አለችኝ።

ቀጥታ ባጃጅ ይዤ ወደ ሴቻ ወጣሁ። አደራ ከተመለሰ ሙሉውን ይመለስ ብዬ ነው። ሆቴሉ ስደርስ ግድግዳው ላይ አንዱ ብቻ ነው ያለው፤ ፈረስ የሚስለው ሰውዬ።

«ሁለተኛውስ?»

«አንድ እንግዳ ወደደው። ይዞት ሄደ» አለኝ ሥራ አስኪያጁ በኩራት።

«ወዴት?»

«አገሩ ነዋ።»

ቀሪውን መልስልኝ ስለው፣ የሆቴሉ ንብረት ሆኗል አለ። ለመንኩት፤ እምቢ አለ። በመጨረሻ በሩ ላይ የተሰቀለውን የደበዘዘ ታፔላ አየሁና «እሱን በነፃ አድስልሃለሁ» አልኩት።

አሰበ። «ታፔላው ሁለት ፊት ነው።»

«ሁለቱንም ፊት።»

የፈረሱን ሥዕል ከመስታወቱ አስፈትቼ ወረድኩ።

ቅዳሜ ገና ሳይነጋ ጀምሮ ይዘንባል። መጽሐፉን በላስቲክ ሦስት ጊዜ ጠቅልዬ ሸሚዜ ውስጥ ደረቴ ላይ አሰርኩት፤ የተቆረጠውን ፈረስ በካርቶን መሀል አድርጌ አብሬ። ሞተር ተከራየሁ። በአስፋልቱ ላንቴ ድረስ ደህና ሄድን። ሽቅቡ ላይ ግን ቀዩ ጭቃ ጎማውን ይጠባው ጀመር። አንዱ ኩርባ ላይ ሞተሩ ወደ ገደሉ ተንሸራተተና ወደቅን። እኔ መሬት ሳልነካ ሁለቱ እጆቼ ደረቴን አቅፈው ነበር፤ በጉልበቴ አረፍኩ፣ ሱሪዬ ተቀደደ፣ ደም ወጣ።

ባለሞተሩ ተነስቶ ጭቃውን እያራገፈ፣ «ከዚህ በላይ አልወጣም። ልጆች አሉኝ» አለ።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ተኩል ሆኗል።»

በእግሬ ቀጠልኩ። አባያ ሐይቅ ከታች በጉም ተሸፍኗል፤ መንደሩም ከላይ በጉም ተሸፍኗል፤ እኔ መሀል ላይ እያነከስኩ። ስንት ጊዜ ቆም ብዬ ወደ ኋላ እንዳየሁ አልነግራችሁም። የሌባ ተቀባይ ነኝ። ሕዝቡ ቢነሳብኝስ? ፖሊስ ቢጠሩስ? ደግሞ የጎደለ መጽሐፍ ነው የማስረክበው። ቢሆንም እግሬ ቀጠለ፤ ፍርሃቱም አብሮኝ ወጣ።

የመንደሩ ሸንጎ የሚቀመጥበት ሜዳ ዱቡሻ ይባላል። ስደርስ ሽማግሌዎቹ ቡሉኳቸውን ተከናንበው በየድንጋያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ዝናቡ ካፊያ ሆኗል። መሀል ላይ አንዲት ሴት ብቻዋን ቆማለች፤ ነጠላዋ ርሶ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል። ማርታ መሆኗን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። አስቴር ከዳር ከሴቶቹ ጋር ነበረች፤ ስታየኝ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። የሚነጋገሩት በጋሞኛ ስለነበረ በሹክሹክታ ትተረጉምልኝ ጀመር።

ሸንጎውን የሚመራው ሃላቃ፣ የመንደሩ ሹም ማለት ነው፣ እርጥብ ሣር ይዞ ተነሳ። ሣሩን ወደ ማርታ ዘረጋ።

«ሦስተኛና የመጨረሻ ጊዜ ነው» ብላ ተረጎመችልኝ አስቴር። «ያዢና ማዪ ይላታል።»

ማርታ ሣሩን አየችው። አልያዘችውም። «አልወሰድኩም። አልምልም» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም።

ጉርምርምታ ተነሳ። ከሃላቃው ቀኝ የተቀመጡ፣ ዓይናቸው ሞራ የለበሰ ሽማግሌ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ጋሽ አንጁሎ ናቸው። ከጎናቸው የተቀመጠውንም ሰው አወቅኩት። ረጅም፣ ቀጭን። መጽሐፉን የሸጠልኝ ሰውዬ።

«ያ ማነው?» አልኳት አስቴርን።

«ዘለቀ ነው። የማርታ ባል።»

በዚያው ቅጽበት እሱም አየኝ። ፊቱ አመድ መሰለ። ሚስቱ መሀል ሜዳ ላይ ቆማ በእሱ ጥፋት ስትጠየቅ፣ እሱ «ሞቶ ነው» ካለኝ አባቱ ጎን ተቀምጦ ያያል። እንደዚያ ቀን በሰው ተናድጄ አላውቅም። ወዲያው ግን ገንፍሎ የነበረው ንዴቴ ወደ ራሴ ዞረ። ከየት አመጣኸው ብዬ አንድ ጊዜ ብጠይቀው ኖሮ ይቺ ሴት እዚህ አትቆምም ነበር።

ሃላቃው ሣሩን መሬት ላይ ሊያስቀምጥ ጎንበስ አለ። አስቴር ክንዴን ጨመቀችኝ። «ሣሩ መሬት ከነካ አለቀ። ተናገር!»

«አባቶቼ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ይቅርታ፣ ቃል አለኝ።»

ሁሉም ዞረ። ሃላቃው ሣሩን እንደያዘ ቀና አለ። «በአማርኛ ተናገር፣ ይገባናል። ማነህ?»

«ምናሴ እባላለሁ። አርባ ምንጭ ታፔላ ጸሐፊ ነኝ። መጽሐፉ እኔ ጋ ነው።»

ሸሚዜን ከፍቼ ላስቲኩን ፈታሁ። ቀዩ ቆዳ ብቅ ሲል ከዳር ያሉት ሴቶች ቀረብ አሉ። ሄጄ ጋሽ አንጁሎ ጭን ላይ አስቀመጥኩት። ሽማግሌው መዳፋቸውን በቡሉኳቸው ጠረጉና ሽፋኑን ዳሰሱት። ከዚያ ከፍተው ቅጠል በቅጠል መዳሰስ ጀመሩ፤ ዓይናቸው ስለማያይ በጣታቸው ይቆጥራሉ። አንድ ቦታ ላይ ጣታቸው ቆመ። በምላጭ የተቆረጠው ጠርዝ ላይ።

«እዚህ ፈረስ የሚስል ሰው ነበር።»

ካርቶኑን ከፍቼ ፈረሱን ሰጠኋቸው። ቀጠሉ። እንደገና ቆሙ።

«እዚህስ?»

«የለም አባቴ። ሸጥኩት። ባሕር ተሻግሯል።»

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ።»

መጽሐፉን ዘጉት። ሃላቃው ግን ወደ እኔ ቀረበ። «ከማን ገዛህ?»

አፌን ልከፍት ስል ዓይኔ ከማርታ ዓይን ጋር ተጋጨ። ራሷን በጣም በትንሹ ነቀነቀች። አትናገር ማለቷ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ። ታውቃለች። ባሏ እንደወሰደው ስታውቅ ነው የቆየችው። አልወሰድኩም ብላ መማል አያቅታትም፤ የማውቀውንም አልደብቅም በሚለው ላይ ግን ከማለች ባሏን መስጠቷ ነው። በሐሰት እንዳትምል ደግሞ ልቧ አይፈቅድም። ስለዚህ ሦስት ጊዜ እምቢ ብላ፣ ቢያባርሯትም ብላ ቆመች።

«ከማን?» አለ ሃላቃው እንደገና። «ካልተናገርክ ከእሷ አለመግዛትህን በምን እናውቃለን? ተስማምታችሁ መጥታችሁ እንደሆነስ?»

ጉርምርምታው ወደ ጩኸት ተለወጠ። አንዱ ጎረምሳ ከኋላዬ ኮሌታዬን ያዘኝ። እኔ ዝም ካልኩ ማርታ ትጠፋለች፤ ከተናገርኩ ራሷ የሸሸገችውን ነገር ከአፏ ነጥቄ መግለጤ ነው።

«የሸጠልኝ ሰው እዚህ ተቀምጧል» አልኩ። «ፊቱን አውቄዋለሁ። እሷ አይደለችም። በስሙ እኔ ልጠራው እችላለሁ። ግን ራሱ ቢነሳ ለእሱም ለቤቱም ይሻላል ብዬ ነው።»

ኮሌታዬን የያዘኝ እጅ ላላ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንድም ሰው አልተነሳም። ሃላቃው ትዕግሥቱ አልቆ ወደ እኔ ሲዞር፣ ዘለቀ ተነሳ።

«እኔ ነኝ አባቴ» አለ በጋሞኛ። ይህንን ለመረዳት አስቴር አላስፈለገችኝም።

ጋሽ አንጁሎ ወደ ልጃቸው ድምፅ አልዞሩም። «ነጯ አትመጣም ብዬ ነው» እያለ ሊያስረዳ ጀመረ፤ «ሳጥኑ አይከፈትም ብዬ ነው...» ሽማግሌው እጃቸውን አንስተው አስቆሙት።

«እኔን አይደለም። እሷን ንገራት።»

ሃላቃው ሣሩን ለዘለቀ ሰጠው። ያ ረጅም ሰውዬ ሣሩን በሁለት እጁ ይዞ ጭቃው ላይ ሚስቱ እግር ስር ተንበረከከ። ደንቡ እንደሚለው ሣር ተይዞ ይቅርታ ከተጠየቀ እምቢ አይባልም። ማርታ ግን ቶሎ አላነሳችውም። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«መጽሐፉ ተገኘ» አለች፤ ለእኔም እንዲገባኝ ብላ በአማርኛ። «ስሜስ? ሁለት ሳምንት ሌባ ተብዬ ውሃ ቀድቻለሁ። ልጆቼ የሌባ ልጆች ተብለዋል። እሱን ማን ያመጣልኛል?»

ሽማግሌዎቹ ራስ ለራስ ተጠጋጉ። ብዙ ተመካከሩ። በኋላ የወሰኑት ይህንን ነው፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀን እኔና ዘለቀ ገበያው መሀል ቆመን፣ እሷ እንዳልወሰደች በየራሳችን አፍ እንድንናገር። ማርታ ይህን ከሰማች በኋላ ነው ሣሩን የተቀበለችው።

እኔ አለቀልኝ ብዬ ትንፋሽ ስወስድ ጋሽ አንጁሎ ጠሩኝ።

«ሠዓሊ ነህ አይደል?»

«ታፔላ ነው የምጽፈው አባቴ።»

«መሳል ትችላለህ አይደል? የጎደለውን ሳለው።»

እሺ አልኩ። ምን እላለሁ? ቤታቸው ተወሰድኩ፤ ማርታ ጉልበቴን በሞቀ ውሃ አጠበችልኝ፤ ወረቀትና እርሳስ መጣ። ከዚያ ተቀመጥኩና ባዶ ወረቀቱን አየሁት። ያ ሥዕል ወር ሙሉ እጄ ላይ ነበር። ስለ ወረቀቱ ውፍረት ብትጠይቁኝ እነግራችኋለሁ። ነጩ የመጋጠሚያ መስመር የት ላይ እንዳለ እነግራችኋለሁ። ሥዕሉ ውስጥ ምን እንዳለ ግን ከአንድ ጠረጴዛና ከአንድ ሰውዬ በቀር ትዝ አላለኝም። አላየሁትም ነበር ለካ። ሰብሳቢ ነኝ ባዩ ሰውዬ አላየሁትም!

«ምን ነበረበት?» አልኳቸው አንገቴን ደፍቼ።

ሽማግሌው ሞራ የለበሰ ዓይናቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው ነገሩኝ። እንጨት የሚቀርጽ ሰው ጠረጴዛ ላይ ጎንብሷል። ከመብራቱ ፊት ውሃ የተሞላ ክብ ብርጭቆ አለ፤ ብርሃኑን ሰብስቦ እጁ ላይ ይጥልለታል። ግራ እጁ አውራ ጣት በጨርቅ ታስሯል። ከጠረጴዛው ስር ድመት ተኝታለች፤ አንድ ጆሮዋ ወደ ላይ ነው። በመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት ወደ ውጭ ታያለች። «ሰው የምትጠብቅ ነው የምትመስለው» አሉ። «እኔ ሁልጊዜ መጽሐፉን የሰጠችኝን ሲስተር ነበር የምታስታውሰኝ።»

አንድ ፊደል ያልቆጠሩ፣ ዓይናቸው የጠፋ ሰው፣ ከእኔ በላይ አይተውት ነበር። ያኔ አለቀስኩ፤ እሳቸው እንዳያዩኝ ማሰቤን ሳስታውስ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ሁለት ቀን ቆይቼ ሳልኩት። ያ የእንግሊዙ ቀራጭ እጅ የለኝም፤ ድመቷ ትንሽ ጥጃ መስላለች። ማርታ ሥዕሉን ለአማቷ አንድ በአንድ እየነገረች ስታሳያቸው ድመቷ ጋ ስትደርስ ሳቀች። ከሥሩ በትንሹ «ይህን ገጽ የቆረጠውም የሳለውም ምናሴ ነው» ብዬ ጻፍኩበትና በቦታው አጣበቅኩት፤ ፈረሱንም እንዲሁ። በገበያው ቀን ከዘለቀ ጋር ቆሜ ተናገርኩ። ሽንኩርት የምትሸጥ አንዲት እናት «ጮክ በል፣ አልሰማሁም» ብላ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። የሰማችኝ ይመስለኛል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ ምላጭ ከመጽሐፎቼ አጠገብ አላስቀምጥም። ደንቤም ተገልብጧል፤ አሁን ይዞ የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ከየት እንደመጣ ነው። ከማን ቤት እንደወጣ ጽፌ ሽፋኑ ውስጥ አደርገዋለሁ። የቀድሞዎቹንም አንድ በአንድ እያጣራሁ ነው፤ ሁለቱን ለባለቤቶቻቸው መልሻለሁ፤ መደርደሪያዬ ሳስቷል። እናንተም ግድግዳችሁ ላይ የሰቀላችሁት፣ ሳሎናችሁ ያስቀመጣችሁት ቆንጆ አሮጌ ነገር ካለ፣ ማን አልቅሶበት እንደመጣ አንድ ቀን ጠይቁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም የተባለው በከንቱ አይደለም።

ጋሽ አንጁሎ ከጥቂት ወር በኋላ አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ሽማግሌዎቹን አስጠርተው የሳጥኑን ቁልፍ በፊታቸው አስረከቡ። ለልጃቸው አልሰጡትም፤ ለማርታ ነው የሰጡት። አደራው አሁን በእሷ እጅ ነው።

መጽሐፉን ማየት ሲያምረኝ ወደ ኦቾሎ እወጣለሁ። ሳጥኑን ከመክፈቷ በፊት ውሃና ሳሙና ታቀርብልኝና «እጅህን ታጠብ» ትለኛለች። እታጠባለሁ። ከዚያ፣ የሆቴሉን ታፔላ ነገር ነግሬያታለሁና፣ «ሁለቱንም ፊት» ትለኛለች፤ መዳፌን ገልብጬ አሳያታለሁ።